የአቃቂ ወንዝና በስሙ የሚጠራው ሕዝብ፦ የመስኖ ውኃ አያያዝ ለአትክልት አምራቾች

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንዲሁም ከእነርሱ በታች በአቃቂ ዙሪያ ለሚሠሩ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። ይሁን እንጂ የአስተዳደር ወሰን ሲቀያየር የውኃው ወሰን አይቀየርም። ስለዚህ አንድ የልማት ሠራተኛ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር በሥራ ቀጣናው የሚዘንበው ዝናብ በየትኛው ወንዝ በኩል ወርዶ የማን ማሳ እንደሚደርስ ነው።

የአቃቂ ወንዝ መበከሉን አምራቹ ከማንም በፊት ያውቃል። ሽታውን የሚያሸተው፣ በውኃው ውስጥ ቆሞ ቦይ የሚቀድደው እርሱ ነውና። የልማት ሠራተኛው ወንዙ ቆሽሿል ብሎ ነግሮት ቢመለስ አዲስ ነገር አልነገረውም። አምራቹ የሚጠይቀው በበጋ ሌላ ውኃ ስለሌለው ምን ማድረግ እንደሚሻለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል በአምራቹ እጅ ያለ ነው። ሁለተኛው ግን በአምራቹ እጅ የለም፤ ከላይ በሚኖሩት እጅ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማ ነው።

1. የውኃው አከፋፈል

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የእንጦጦ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የወጨጫ ተራራ ይገኛል። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ሲሆን ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። የአካባቢው ወንዞች አከፋፈል ከእነዚህ ተራሮች ይጀምራል።

ሀ. ሱሉልታ፦ ከእንጦጦ ጀርባ በሰሜን በኩል ይገኛል። በሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ የሱሉልታ ውኃ ወደ አቃቂ አይደርስም።

ለ. ቡራዩ፦ በትንሹ አቃቂ አናት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የታነጸው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ከቡራዩ ዳገት የታጠበ አፈርና የፈሰሰ ቆሻሻ በስተመጨረሻ ወደ አቃቂ ይወርዳል።

ሐ. ሰበታ፦ የሰበታ ወንዝ ከወጨጫ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በመውረድ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከተማውም ስሙን ከወንዙ ጋር ይጋራል። የሰበታ ውኃ አቃቂን ሳይነካ ቢያልፍም ከአቃቂ ውኃ ጋር በአዋሽ ይገናኛል።

ትልቁ አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ 53 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የሚገኙት በትልቁ አቃቂ የላይኛው ክፍል ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔን የመሳሰሉት የከተማው ወንዞች በየሰፈሩ አልፈው በመጨረሻ ወደ አቃቂ ይገባሉ። የተፋሰሱ ስፋት ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ካሬ ይጠጋል። በአጭሩ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ወደ አቃቂ ነው።

2. አቃቂ የሚለው ስም

በአገራችን ወንዝ ለሰፈርና ለከተማ ስም መስጠቱ የተለመደ ነው። አዋሽ መልካና አዋሽ ሰባት ስማቸውን ከአዋሽ፣ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም ስሙን ከሙገር ወስደዋል። በአቃቂ ስም የሚጠሩትም ብዙዎች ናቸው። በምድር ባቡሩ መስመር ላይ ያደገችው የአቃቂ ከተማ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ውስጥ ያለው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በአቃቂ ስም የተጠሩ የገጠር ቀበሌዎች፣ እንዲሁም ለአዲስ አበባ የከርሰ ምድር ውኃ የሚቀዳበት የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ መስክ ሁሉም የአንድ ወንዝ ስም ይጋራሉ።

ከስሙ ጋር የተጋሩት ግን ጥቅሙን ብቻ አይደለም። የአቃቂ ሕዝብ ከወንዙ ግርጌ ስለሚኖር በላይ ያለው ሁሉ የሚጥለው ለእርሱ ይደርሰዋል። ቡራዩ በአቃቂ ስም ባይጠራም የአቃቂ አንዱ ባለቤት ነው።

የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ሁኔታ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በአገራችን ከተሠሩት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው የሆነው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ አቁሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታድሷል። ሐይቁ በደለል ተሞልቷል፤ ገጹንም እምቦጭ የሸፈነበት ጊዜ ብዙ ነው። እምቦጭ እንዲህ የሚንሰራፋው ውኃው ከላይ በሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲበለጽግ ነው። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውኃ አዋሽ ገብቶ ወደ ቆቃ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ፣ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ በመሆኑ የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈው በአገር ውስጥ ነው።

3. ችግሩ ለምን በበጋ ይብሳል?

የአካባቢው ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ቆሻሻው ይሳሳል፤ ገበሬውም መስኖ አይፈልግም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግን የምንጭ ውኃ ይቀንሳል፤ ከቤትና ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ግን አይቀንስም። በዚህ ወቅት በወንዙ ውስጥ ከሚወርደው ውኃ ከፍተኛው ድርሻ ፍሳሽ ይሆናል። አምራቹ ሞተሩን አስነሥቶ የሚያጠጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ በነሐሴ የተወሰደ የውኃ ናሙና ጥሩ ውጤት ቢያሳይ የመስኖውን ውኃ ጥሩነት አያስረዳም። ናሙና መወሰድ ያለበት በየካቲት ነው።

4. ሁለት ዓይነት ጉዳት

የልማት ሠራተኛው በአንድነት ብክለት ተብለው የሚጠሩትን ሁለት ነገሮች መለየት ይኖርበታል።

4.1 ተሐዋስያንና ትላትል

እነዚህ ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ መሠረት ጥሬውን የሚበላ አትክልት የሚጠጣ ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1,000 በላይ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ደግሞ ከ1 በላይ የትል ዕንቁላል ሊኖረው አይገባም።

ባክቴሪያ በቅጠል ላይ ብዙ አይቆይም። ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል። ማጠጣት ከቆመ በኋላ የባክቴሪያው ቁጥር እንደ አየሩ ሁኔታ በየቀኑ ከ3 እጅ እስከ 100 እጅ ይቀንሳል። በንጹሕ ውኃ ማጠብ ወደ 10 እጅ ይቀንሰዋል። መቀቀል ደግሞ ፈጽሞ ያጠፋዋል ለማለት ይቻላል። የወስፋት ዕንቁላል ግን በአፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸውም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሆኖም ከባድ ስለሆነ ውኃው ረግቶ ሲቆም ወደ ታች ይዘቅጣል።

4.2 ከባድ ብረቶች

እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉት ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከብረታ ብረት ሥራ፣ ከባትሪና ከጋራዥ ፍሳሽ ይመጣሉ። እነዚህ አይሞቱም። ፀሐይ አያጠፋቸውም፤ መቀቀልም አይቀንሳቸውም። በቅጠል ላይ ያረፈው አቧራ በእጥበት ቢሄድም በሥር ገብቶ ወደ ቅጠል የወጣው በእጥበት አይወጣም።

የመስኖ ውኃ ከሚከተለው መጠን እንዳይበልጥ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይመክራል፦

ካድሚየም በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣
ክሮሚየም በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም፣
ኒኬል በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም፣
ዚንክ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣
እርሳስ በሊትር 5 ሚሊ ግራም።

በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ደግሞ በአንድ ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ካድሚየም ከ0.2፣ እርሳስ ከ0.3 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም።

ውኃው ከልኩ ባያልፍ እንኳ ነገሩ እንደማያልቅ በሚከተለው ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሔክታር አትክልት በዓመት 6,000 ሜትር ኩብ ውኃ ቢጠጣና ውኃው በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ካድሚየም ቢኖረው በዓመት 60 ግራም ካድሚየም ማሳው ላይ ይቀራል። የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በሔክታር ወደ 2,400 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ አፈር ላይ በየዓመቱ 0.025 ሚሊ ግራም ይጨመራል ማለት ነው። ይህ ኢምንት ይመስላል። በ40 ዓመት ግን 1 ሚሊ ግራም ይሞላል። ያልተበከለ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ያለው ካድሚየም ከዚህ ያነሰ ነው። ከአባቱ የወረሰውን ማሳ የሚያጠጣ አምራች 40 ዓመት ረጅም ጊዜ እንዳልሆነ ያውቃል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ባክቴሪያን አምራቹ በጥንቃቄ ሊከላከል ይችላል፤ ከባድ ብረትን ግን መከላከል የሚቻለው ወንዙ ውስጥ ሳይገባ ብቻ ነው።

5. አምራቹ ሊያደርጋቸው የሚገባ

5.1 የሰብል ምርጫ፦ ሰብሎች ከባድ ብረትን በአንድ ዓይነት መጠን አይወስዱም።

ብዙ የሚወስዱ፦ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች።
መካከለኛ፦ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች።
በአንጻሩ አነስተኛ የሚወስዱ፦ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዝኩኒ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ አተር።

በአቃቂ ዳር ብዙ ጊዜ የሚተከሉት ግን ቶሎ ስለሚደርሱና ቶሎ ስለሚሸጡ ሰላጣና ቆስጣ ናቸው። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ስለሚበላ በሁለቱም በኩል አደገኛ ነው። ስለዚህ የወንዝ ውኃ በሚጠጣ ማሳ ላይ ሰላጣ ባይተከል ይመረጣል። የጉድጓድ ውኃ ያለው አባል ሰላጣውን ቢይዝ፣ ሌሎቹ ጥቅል ጎመን፣ ዝኩኒና እሸት በቆሎ ቢያመርቱ ማኅበሩ የገበያውን ድርሻ ሳያጣ ሥራውን ሊከፋፈል ይችላል። ብክለቱ በምርመራ በተረጋገጠበት ማሳ ላይ አበባ፣ የጌጥ ተክልና የደን ችግኝ ማፍላት ይሻላል። የከብት መኖ ማብቀል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ብረቱ በከብቱ ጉበትና ኩላሊት ይጠራቀማልና።

5.2 ውኃ ማርጊያ ኩሬ፦ ውኃው ከወንዝ በቀጥታ ወደ ማሳ እንዳይገባ በመካከል ኩሬ መቆፈር ይገባል። ውኃው ቢያንስ 1 ወይም 2 ቀን ረግቶ ከቆየ በኋላ ከላይ ከላዩ ይቀዳል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከኩሬው ወለል ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። በዚህ ዘዴ የትል ዕንቁላልና ከደለል ጋር የተጣበቀ ብረት በከፊል ይቀራል። ከኩሬው የሚወጣው ደለል ወደ አትክልት ማሳ አይበተንም።

5.3 አጠጣጥ፦ ውኃ በጣሳም ሆነ በቱቦ በቅጠል ላይ አይረጭ። በቦይ ወደ ሥሩ ይልቀቁ። መደቡ ከቦዩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ቅጠሉ ጭቃ አይነካውም። አቅም ያለው ማኅበር በጠብታ መስኖ ቢጠቀም የበለጠ ይከላከላል፤ ነገር ግን ውኃው ካልተጣራ ጠብታው ቶሎ ይደፈናል።

5.4 ማጠጣት ማቆም፦ ከለቀማው በፊት ለ3 ወይም ለ4 ቀናት የወንዝ ውኃ ማጠጣት ይቁም። ቅጠሉ ትንሽ ቢጠወልግም ክብደቱን ብዙ አይቀንስም። አምራቹ ይህን የሚቃወመው ነጋዴው ለምለም ቅጠል ስለሚፈልግ ነው። ማኅበሩ በጋራ ቢወስንና አባላቱ ሁሉ ቢያቆሙ አንዱ በሌላው ላይ ገበያ አይወስድም። በተናጠል የሚሠራ ምክር በዚህ በኩል ውጤት አይኖረውም።

5.5 እጥበት፦ የተለቀመ አትክልት በወንዙ ውኃ ሲታጠብ በየቦታው ይታያል። ይህ በቦይ በማጠጣትና ማጠጣት በማቆም የተገኘውን ጥቅም ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ንጹሕ ውኃ ካልተገኘ ሳይታጠብ ለገበያ ማቅረብ ይሻላል።

5.6 ማዳበሪያ፦ የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅን ስለሚይዝ በዚህ ውኃ ለሚጠጣ ማሳ የተለመደውን የዩሪያ መጠን መጨመር ብክነት ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልሳል፤ ለበሽታና ለክሽክሽ ይጋለጣል፤ ቲማቲምም ከፍሬ ይልቅ ቅጠል ያበዛል። አምራቹ በአንድ መደብ ላይ ዩሪያውን በግማሽ ቀንሶ ልዩነቱን ራሱ እንዲያይ ማድረግ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። በደንብ የበሰለ ፍግና ኮምፖስት መጨመር ብረቱን በአፈሩ ውስጥ አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ተክሉ የሚገባው ይቀንሳል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ መጨመርም ካድሚየምን በዚሁ መንገድ ይቀንሳል። ይሁንና የአቃቂ ጥቁር አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ስላልሆነ ሳይመረመር ኖራ አይጨመርም።

5.7 የሠራተኛው ጤና፦ በባዶ እግር ቦይ ውስጥ መቆም ለመንጠቆ ትል ያጋልጣል። ቦት ጫማ ይለበስ፤ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃናት በቦዩ ውስጥ አይጫወቱ። ማኅበሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ አባላቱና ልጆቻቸው በየጊዜው የትል መድኃኒት እንዲያገኙ ማድረግ ይችላል።

6. ከላይ ያሉት ሊያደርጓቸው የሚገባ

በቡራዩ፦ በዳገቱ ላይ ያለው እርሻ በኮንቱር ይታረስ፤ እርከን ይሠራ። ከወንዙና ከገፈርሳ ዳር አንድ ሰቅ መሬት ሳይታረስ በሣርና በአገር በቀል ቁጥቋጦ ይሸፈን። በከተማው ውስጥ የወተት ላም የሚያረቡ ማኅበራት ፍጉን ወደ ቦይ ከመልቀቅ ይልቅ አጠራቅመው ኮምፖስት ያድርጉት። ፍጉ ለቡራዩ ቆሻሻ፣ ለአቃቂ በሽታ፣ ለማሳ ግን ሀብት ነው።

በሰበታ፦ በወጨጫ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን አጀማመሩ እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚቆጠር ጥንታዊ ደን ነው። ጽዱና ወይራው የሰበታን ምንጮች የያዙ ናቸው። በሰበታ ከፋብሪካ በታች የሚያጠጡ አምራቾች ችግራቸው ከአቃቂዎች ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ በክፍል 5 የተባለው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል።

በሱሉልታ፦ ሜዳው በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በድርቆሽና በወተት የታወቀ አገር ነው። ጨፌው ጎርፉን ያዘገያል፤ ደለሉን ያስቀራል። ጨፌ ሲጠፈጠፍና ሲገነባበት ጎርፉና ቆሻሻው ሳይጣራ ወደ ሙገር ይሄዳል። የሱሉልታ ማኅበራት አቃቂ የደረሰበትን ሳይደርሱ ከአቃቂ የሚማሩበት ጊዜ ገና አላለፈም።

7. የማኅበሩ ድርሻና የናሙና አወሳሰድ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወደ አካባቢ በካይ መልቀቅን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚሠራው አቤቱታ በማስረጃ ሲቀርብ ነው። ወንዙ ሸተተ የሚል ደብዳቤና በቀን፣ በቦታና በመጠን የተደገፈ መዝገብ እኩል አይደመጡም። ስለዚህ ማኅበሩ፦

ሀ. የወንዙን ቀለም፣ ሽታና የአረፋ ሁኔታ በሳምንት አንድ ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ውኃው በድንገት ቀለም ሲለውጥ ቀኑና ሰዓቱ ይመዝገብ፤ በዚያም ቀን መስኖ ይቁም።

ለ. በየካቲትና በመስከረም የውኃ ናሙና ይውሰድ። ጠርሙሱ በዚያው ውኃ 3 ጊዜ ተለቅልቆ ከወንዙ መካከል ይሞላ። ለባክቴሪያ ምርመራ ግን ቤተ ሙከራው የሰጠው ንጹሕ ጠርሙስ ሳይለቀለቅ ይሞላል፤ በበረዶ ተይዞም በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት።

ሐ. የአፈር ናሙና ከ15 እስከ 20 ቦታዎች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ ይደባለቅና ከዚያ 1 ኪሎ ይላክ። ከዚያው ማሳ የተለቀመ አትክልትም ለብቻው ይላክ። አፈሩ ተበክሎ አትክልቱ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

መ. ውጤቱን ለወረዳው ብቻ ሳይሆን ከላይ ላለው ማኅበርም ያሳውቅ። የቡራዩና የአቃቂ ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ በበጋ ወራት በአንድነት ወንዙን ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል ተከትለው ቢወርዱ ብዙ ስብሰባ የማያስረዳውን ነገር በአንድ ቀን ይረዳሉ።

ማጠቃለያ

1. ሱሉልታ ወደ ሙገርና ዓባይ፣ ሰበታ ወደ አዋሽ፣ ቡራዩ ወደ አቃቂ ያፈሳሉ።
2. የወንዝ ውኃ በሚጠጣ ማሳ ላይ ሰላጣ አይተከል፤ ቆስጣም ይቀነስ።
3. ውኃው ይርጋ፤ በቦይ ይሂድ፤ ከለቀማ በፊት 3 ወይም 4 ቀን ይቁም፤ ምርቱ በወንዙ አይታጠብ።
4. ባክቴሪያ በቀናት ይጠፋል፤ ከባድ ብረት ግን በማሳው ይቀራል። ስለዚህ የአቃቂ አምራች የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርግም ከላይ ያሉት ካልተባበሩት ማሳውን ለልጁ በጤና ሊያወርስ አይችልም።
5. ውኃ በየካቲት ይመርመር፤ መዝገብ ይያዝ።

የልማት ሠራተኛው ይህን ጽሑፍ ለአባላቱ ሲያነብ በክፍል 4 ያለውን ስሌት በማኅበሩ ማሳ ስፋትና በውኃው የምርመራ ውጤት ተክቶ በፊታቸው ቢሠራው ይመረጣል።